የኬኔዲን ፊርማ በ900 ዶላር ገዝቼ የተማርኩት

ደብዳቤው አሁንም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቴ "አውርደው፣ ባየሁት ቁጥር ያበግነኛል" ያላለችበት ሳምንት የለም። እምቢ ብያለሁ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ነው ብዬ 900 ዶላር የከፈልኩበት የማሽን ፊርማ ነው። የትምህርት ክፍያ ነው እላታለሁ። እሷ ደግሞ "ዲግሪው የታለ?" ትለኛለች።

ይህን እንድጽፍ ያደረጉኝ ልጆች ናቸው። በቅርቡ ብቻ ሦስት የማውቃቸው ሰዎች "አንተ የኬኔዲ ዕቃ ታውቃለህ አሉ፤ እስቲ ይቺን እያት" ብለው ስልኬ ላይ ፎቶ ላኩልኝ። ሁለቱ ከፍለው ጨርሰው ነበር። ሳይከፍል የሚጠይቅ ሰው ብርቅ ነው። ስለዚህ ገና ላልከፈላችሁት ልጻፈው።

ለምን ኬኔዲ? ስድስት ኪሎ የተማረ ሰው ይህን አይጠይቀኝም። የኬኔዲ ላይብረሪን ወንበር ያላሞቀ ማን አለ? ደብተር አስቀምጠን ቦታ የያዝንበት፣ የተጣላንበት፣ እንቅልፍ የወሰደን ቤት ነው። "የት ነህ?" ሲሉን "ኬኔዲ" እንላለን። በቀን አሥር ጊዜ ስሙን እየጠራን ሰውየውን አንድም ቀን አናስበውም።

አባቴ ግን ያስበው ነበር። ኬኔዲ ዳላስ ላይ የተተኮሰበት ኖቬምበር 22 ቀን 1963፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ነው። (የፈረንጆቹን ዓመት በፈረንጆች እጽፋለሁ፣ አትደናገሩ።) በእኛ ኅዳር 12 ቀን 1956 መሆኑ ነው። ኅዳር ሚካኤል። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። አባቴ "ኅዳር በታጠነ ዕለት ሞተ" ይል ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል ውሎ፣ ጭሱ ገና ሳይጠፋ፣ ጠዋት ጎረቤት ሬዲዮ ሲከፈት ሰማ። ይበልጥ የደነገጠው ደግሞ ጃንሆይ ገና በመስከረም ከሰውየው ጋር ስለነበሩ ነው። መስከረም 20 ቀን በባቡር ዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ሲገቡ ኬኔዲ ራሱ ወጥቶ ነበር የተቀበላቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብሩ ተመልሰው መጡ። ከዋይት ሐውስ እስከ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል ከአስከሬኑ ጀርባ በእግራቸው ሲሄዱ፣ ረጅሙ የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ደጎል አጠገባቸው ነበር። ያን ፎቶ ሁላችሁም አይታችሁታል።

እንግዲህ እኔ አሜሪካ መጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ጋራዥ ነበር። የሌሊት ሽፍት። መኪና ከእኩለ ሌሊት በኋላ አይመጣም፣ ስልክ ግን አለ። የኬኔዲ ዕቃ የሚሸጡ ድረ ገጾችን ማገላበጥ የጀመርኩት እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ነው።

ደብዳቤውን ያገኘሁት እንዲህ ስል ነው። ኬኔዲ ሴናተር በነበረበት ጊዜ ለአንድ ደጋፊ የተጻፈ፣ አራት መስመር የማይሞላ የምስጋና ደብዳቤ። ከሥሩ በሰማያዊ ቀለም ፊርማ። አብሮት የወርቅ ቀለም ማኅተም ያለበት ሰርተፊኬት። ሻጩ ቁጥር ያለው ተለጣፊ ሁሉ አድርጎበታል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእኔ ነው። ዋጋው ራሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። የእውነተኛው ፊርማ ዋጋ ከዚያ ብዙ ይበልጣል።

ስድስት ወር ቆይቼ የአንድ ጨረታ ካታሎግ ስመለከት ሌላ የኬኔዲ ደብዳቤ አየሁ። ፊርማው ደስ አለኝ፣ የኔን ይመስላል። ከዚያ ደስታዬ ጠፋ። በጣም ነው የሚመስለው። ሁለቱንም በአንድ መጠን ፕሪንት አድርጌ፣ ደርቤ መስኮት ላይ ለጠፍኩት። ፀሐይ ከኋላ ሲያበራበት አንድ ፊርማ ብቻ ነው የሚታየው። ሁለቱ መስመሮች ገጥመው አንድ ሆነዋል።

ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ፊርማ አይፈርምም። አገር ቤት ባንክ ሄዶ "ፊርማህ አይመሳሰልም፣ ድገመው" ተብሎ ያልተንገላታ ካለ እጁን ያውጣ።

ማሽኑ አውቶፔን ይባላል። ፊርማው የተቀረጸበት ሞዴል አለው፣ ያን ተከትሎ እውነተኛ ብዕር ወረቀት ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ቀለሙ እውነተኛ ቀለም ነው፣ ወረቀቱም የዘመኑ ወረቀት ነው፣ ደብዳቤውም በእርግጥ ከቢሮው የወጣ ነው። እጁ ብቻ የለበትም። ኬኔዲ ሴናተር ሆኖም ፕሬዚዳንት ሆኖም በማሽኑ ብዙ ተጠቅሟል። ማሽኑ ሲያርፍ ደግሞ ጸሐፊዎቹ ይፈርሙለት ነበር። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ በየቀኑ የሚለዋወጥ ነው፤ ለሰብሳቢ ራስ ምታት ነው። ምልክቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። የማሽን መስመር ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ አንድ ነው። የሰው እጅ አንዱ ጋ ይጫናል፣ አንዱ ጋ ይለቃል። ማሽን ሲጀምርና ሲጨርስ ብዙ ጊዜ ነጥብ ጥሎ ይነሣል። አንዳንዴ ደግሞ መስመሩ እንደ ብርድ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መስኮት ላይ መደረቡ ነው። በነፃ ነው።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። መመለሻ ጊዜው አልፏል አለኝ። ሰርተፊኬቱን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። "እኛ ትክክለኛ ነው ብለን እናምናለን" ነው የሚለው። ማመን መብታቸው ነው። ካልሆነ ገንዘብ እንመልሳለን የሚል ቃል ግን አንድም ቦታ የለም። እንዲህ ያለ ወረቀት እኔም ቤቴ ፕሪንተር ላይ ማተም እችላለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰርተፊኬት ሲያሳዩኝ ማኅተሙን አላይም፤ ማን ፈረመው፣ ዕቃውን ሸጦ የሚያተርፈው ራሱ ነው ወይ፣ ከተሳሳተ ምን ይከፍላል፣ እነዚህን ነው የምፈልገው።

ባይሆን የተበላሁት እኔ ብቻ አለመሆኔ አጽናንቶኛል። በ1990ዎቹ አንድ ሎውረንስ ኪውሳክ የሚባል ሰው ኬኔዲ ከፊልም ተዋናይቷ ከማሪሊን ሞንሮ ጋር ግንኙነት ነበረው የሚያሰኙ ወረቀቶችን አወጣ። አባቱ ታዋቂ የኒውዮርክ ጠበቃ ስለነበር "ከአባቴ ፋይል ያገኘሁት ነው" አለ። ባለሀብቶች ሚሊዮኖች ከፈሉ። የተያዘው በምን መሰላችሁ? በዚፕ ኮድ፣ የአሜሪካ አድራሻ መጨረሻ ላይ በሚጻፈው የፖስታ ቁጥር። ደብዳቤዎቹ ላይ ያለው ቀን የ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አድራሻው ላይ ግን ዚፕ ኮድ አለ። ዚፕ ኮድ ደግሞ የጀመረው በጁላይ 1963 ነው። በዚያ ላይ የታይፕ ስህተት ተልጦ የታረመበት ሪባን በዚያ ዘመን አልነበረም። ሰውየው በ1999 ተፈርዶበት ወኅኒ ወረደ። ፊርማውን ያን ያህል አስመስሎ፣ አምስት ቁጥር አጋለጠችው። እኔ አሁን የድሮ ደብዳቤ ሲሰጡኝ ፊርማው ላይ ከመድረሴ በፊት አድራሻውን ነው የማነበው።

እዚህ ላይ የራሴን አባባል ላስገባ። ወሬውን አትግዙ፣ ወረቀቱን ግዙ። ሻጭ ሁሉ ወሬ አለው። "አያቴ የዋይት ሐውስ ዘበኛ ነበር" የሚል ሰው ስንቱን አይቻለሁ! የኬኔዲ ዘበኞች ቁጥር እኮ ከአንድ ክፍለ ጦር ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ዕቃው ከኬኔዲ እጅ ወይም ከዚያ ቀን ተነሥቶ እናንተ ጋ እስኪደርስ በማን በማን እጅ አለፈ? ለእያንዳንዱ እጅ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ የቆየ ፎቶ አለ ወይ? አንዱ ቀለበት ከጎደለ ሰንሰለቱ ተበጥሷል። ዋጋውም አብሮ መውረድ አለበት።

በጣም የምወደው ዕቃዬ 35 ዶላር ነው የፈጀብኝ። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ኢስቴት ሴል ላይ ነበር። ለማታውቁት፣ ሰው ሲሞት ወይም ቤቱን ሲለቅ ዕቃው ሁሉ እዚያው ቤቱ ውስጥ የሚሸጥበት ነው። ምድር ቤት ወርጄ፣ መጽሔት የሞላበት ካርቶን ውስጥ እጄን ስከት ጠንከር ያለ ወረቀት ነካሁ። ሳወጣው ጃንሆይ ናቸው። የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሜዳልያቸውን ደርድረው፣ ከደጎል ጎን።

ልቤ እንደምን እንደመታ አልነግራችሁም። ግን ፊቱን አይቼ አልገዛሁም። የፕሬስ ፎቶ የሚነበበው ከጀርባው ነው። ገለበጥኩት። በታይፕ የተጻፈ መግለጫ ተለጥፎበታል። ሙጫው ወረቀቱን ቡናማ አድርጎታል። የጋዜጣ ማኅደር ማኅተምና በቀይ የተመታ ቀን አለበት። ፊቱ ላይ ደግሞ ዳር ዳሩን በሰም እርሳስ ተሰምሯል፤ አዘጋጁ እስከዚህ ቁረጡ ያለበት ነው። ዳር ላይ የቆመ ሰው በግራጫ ቀለም ተቀብቶ ጠፍቷል። ይህን ሁሉ ልፋት ለ35 ዶላር አስመስሎ የሚሠራ ሰው የለም።

ወረቀቱን ዳሰስኩት። ይህን ልብ በሉ። ከ1970ዎቹ ወዲህ ያለው የፎቶ ወረቀት አብዛኛው ፕላስቲክ የተለበጠ ነው፤ ያንሸራትታል፣ ዝርግ ብሎ ይተኛል። የ1963ቱ ንጹሕ ወረቀት ነው፤ ከዕድሜ ብዛት ትንሽ ይጠቀለላል፣ ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል። "በ1963 የታጠበ ኦሪጅናል" ብለው ፕላስቲክ የመሰለ ፎቶ ከሸጡላችሁ፣ ምስሉ የ1963 ነው፣ ወረቀቱ ግን አይደለም። ሁለቱ በዋጋ አይገናኙም። አንዳንድ ሰው ደግሞ በዩቪ መብራት ይፈትሻል። መብራቱ ለሊንከን ዘመን ፎቶ ይረዳል፤ የድሮ ወረቀት አያበራም፣ አዲሱ ያበራል። በኬኔዲ ዘመን ግን የሚያበራ ወረቀት ገበያ ላይ ስለነበር ብዙም አይፈርድላችሁም።

የምትሸጠው የሟቹ ልጅ ነበረች። ገንዘቡን ከፍዬ "አባትሽ ይህን ከየት አመጡት?" አልኳት። ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር፣ ማኅደሩን ሲጥሉ ካርቶን ካርቶን ወደ ቤት ያመጣ ነበር አለችኝ። "ይህን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ትጽፊልኛለሽ?" አልኳት። በአግራሞት አየችኝ። ከዚያ ሦስት መስመር ጽፋ ፈረመችልኝ። ያቺ ደረሰኝ ዛሬ ከፎቶው ጋር በአንድ ፖስታ ነው ያለችው። ኋላ ዋሽንግተን ዳውንታውን ማርቲን ሉተር ኪንግ ላይብረሪ ሄጄ ሁለት ቅዳሜ የድሮ ጋዜጦች ማይክሮፊልም ሳሽከረክር ዋልኩ። ዓይኔ ሊጠፋ ሲል ያው ፎቶ፣ በእርሳሱ ምልክት ልክ ተቆርጦ ታትሞ አገኘሁት።

ትላልቆቹን ዕቃዎች በሩቁ ነው የማውቃቸው፣ ግን ከእነሱም ትምህርት አለ። በ1996 ሰዝቢስ የሚባለው ጨረታ ቤት የኬኔዲን ሚስት የዣክሊንን ንብረት ሲሸጥ ለአራት ቀን የቆየ ጨረታ 34.5 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። አንዲት የብር ሜትር፣ አዎ የልብስ ሰፊ ዓይነት ሜትር፣ 48,875 ዶላር ሄደች። ካታሎጉ ሺህ እንኳ አልገመተላትም ነበር። ሰው እብድ ነው ትሉ ይሆናል። ግን ሜትሯ ከማን ቤት እንደወጣች ጥርጥር አልነበረም፤ የተከፈለው ለዚያ ነው። በሌላ በኩል በ2011 የኬኔዲን አስከሬን የተሸከመ ነው የተባለ አምቡላንስ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ሲሸጥ፣ እውነተኛው በ1980ዎቹ ተጨፍልቆ መወገዱን የሚያሳይ ሰነድ አለ የሚሉ ተነሡ። የኬኔዲ ገዳይ ኦስዋልድ ተኩሶበታል የተባለው መስኮት ደግሞ ሁለት ባለቤት ነበረው። ሁለቱም "እውነተኛው የኔ ነው" ይሉ ነበር።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ ዕቃው እውነተኛ ሆኖም ሻጩ የመሸጥ መብት ላይኖረው ይችላል። የኦስዋልድ የመጀመሪያ ሬሳ ሣጥን በ2010 በ87,469 ዶላር ተሸጠ። ኦስዋልድ በ1981 ለምርመራ ሲወጣ ሣጥኑ ተበላሽቶ ስለነበር በሌላ ነው የተቀበረው፤ አሮጌውን ቀባሪው ድርጅት አስቀምጦት ነበር። ወንድሙ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም በ2015 ሣጥኑ የወንድምየው ነው አለ። የኬኔዲ ጸሐፊ የነበረችው ኤቭሊን ሊንከን ለአንድ ሰብሳቢ የተወችው ክምር ዕቃም እንዲሁ አወዛግቧል። በ1998 ለጨረታ ሲቀርብ የኬኔዲ ልጆች በአደባባይ ተቃወሙ፤ የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትም የመንግሥት የሆኑትን ሰነዶች ጠየቀ። የቢሮ ሰነድ የሚመስል ነገር፣ ማኅተም ያለበት፣ "ምስጢር" የሚል የተመታበት ካቀረቡላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ዋናዎቹ ማስረጃዎች መንግሥት እጅ ናቸው። ዣክሊን በዚያ ቀን የለበሰችው ሮዝ ልብስ ራሱ እስከ 2103 ድረስ ለሕዝብ አይታይም። ቁራጩን እሸጥላችኋለሁ የሚል ሰው ካለ ሌባ ነው ወይም ውሸታም።

ቁራጭ ካልን አይቀር፣ ከመሪ ልብስ ላይ ጥፍር የምታክል ጨርቅ ቆርጠው ካርድ ላይ ለጥፈው የሚሸጡ አሉ። ጸጉርም ይሸጣል። እኔ አልገዛም። የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ለንደን አንድ ሙዚየም ውስጥ ኖሮ በ2019 አገሩ ሲመለስ ቴሌቪዥን ፊት እንባዬ የመጣ ሰው፣ የሌላውን መሪ ጸጉር መሳቢያዬ ውስጥ ላስቀምጥ? የገዳዩንም ዕቃ አልነካም። ይህ የኔ ጠባይ ነው፣ እናንተን አላስገድድም።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው የኬኔዲ ምስል ያለበትን የ1964ቱን የአሜሪካ ሃምሳ ሳንቲም እመክራለሁ። ኬኔዲ በሞተ በአራተኛው ወር ነው ሕዝብ እጅ የገባው፣ ማርች 1964። ዘጠና በመቶ ብር ነው፣ ክብደቱ 12.5 ግራም። ከ1965 እስከ 1970 ያለው አርባ በመቶ ብር ብቻ ነው፣ 11.5 ግራም። ከዚያ ወዲህ ለመገበያያ የወጣው ብር የለበትም። የ1964ቱን ለመለየት ከግራም በታች የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ይበቃችኋል፤ ሚዛን ከሌለ ጠርዙን እዩ፣ ቀይ የመዳብ መስመር ካለው የ1964ቱ አይደለም። በወርቅ ተለብጦ፣ በሣጥን ተደርጎ "ብርቅዬ" ተብሎ የሚሸጠውን ተዉት፤ መለበጡ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የዳላስ ጋዜጦችን ስትገዙ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አትዩ። ቅጂዎቹ ብዙ ጊዜ ፊተኛው ገጽ ብቻ ናቸው። ኦሪጅናሉ ውስጡ የጫማ ማስታወቂያ፣ የሲኒማ ሰዓት፣ የእግር ኳስ ውጤት አለው። የቀብሩ ዕለት በቤተ ክርስቲያን የታደለችው ትንሿ የጸሎት ካርድና "ፒቲ 109" የሚል (ኬኔዲ በጦርነቱ ጊዜ ያዘዛት ጀልባ ስም ነው) የክራባት መያዣም በየቦታው አሉ፤ አብዛኛው ግን በኋላ የተሠራ ነው።

ጨረታ ላይ ስትገቡ ደግሞ ካሸነፋችሁበት ዋጋ ላይ ሃያ ምናምን በመቶ ኮሚሽን እንደሚጨመር አስቡ። ታክስና መላኪያም አለ። እኔ ይህን ሳላውቅ የ300 ዶላር ዕቃ 400 አልፎ መጣልኝ። ባለቤቴ ደረሰኙን ያየችው ከኔ በፊት ነው፤ ዝርዝሩን እለፉት።

አቀማመጥ ላይ አንድ ነገር ብቻ። ላሚኔት አታድርጉ። እባካችሁ። ፕላስተርም አትለጥፉ። ከአሲድ ነፃ የሆነ ፖስታ ርካሽ ነው፤ ከፀሐይ አርቁት፣ አለቀ።

ባለፈው ዓመት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንድ ጋሼ ዘንድ ፎቶውን ይዤ ሄድኩ። በ1963 ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። የቀብሩ ዕለት ጠዋት ከጓደኞቻቸው ጋር ወጥተው መንገድ ዳር ቆመው እንደነበር ሲያወሩ ሰምቼ ነው። መነጽራቸውን ፈልገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ሳይነካ ከፎቶው በላይ አንዣበው፣ "እኛ በዚህ በኩል ነበርን። ሲያልፉ እጅ ነሳን" አሉኝ። ወደ ጓዳ ገብተው ቆዩ። ይዘው የወጡት ማግስቱን የገዙትን ጋዜጣ ነው፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ዳሩ እንደ ብስኩት እየፈረፈረ።

"ውሰደው፣ ልጆቼ ይጥሉታል" አሉኝ።

"ጋሼ፣ እወስዳለሁ። ግን ከየት እንዳመጡት በእጅዎ ይጻፉልኝ።"

"እኔ በሕይወት እያለሁ ወረቀት ምን ያደርግልሃል? ነገርኩህ አይደል?"

የ900 ዶላሩን ታሪክ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ብዕር አምጣ አሉኝ። የት ቆመው እንደነበር፣ ከማን ጋር፣ ጋዜጣውን ከየትኛው መንገድ እንደገዙ በአማርኛ ጻፉልኝ። ፈረሙበት። ያዩበትን ቀን ደግሞ ኅዳር 15 ቀን 1956 ዓ.ም. ብለው ነው የጻፉት።